የዘይንሁም መርፌ

«ቀሪው ዕድሜ ለአንተ ይሁን፣ ዘይንሁም!»

«ለአንተም ይርዘምልህ።»

ይህችን መልስ ከከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት ወዲህ ስንት ጊዜ እንደ ሰጠ ዘይንሁም ራሱ አያውቅም። የካይሮ ግማሽ ሕዝብ መጥቶ እጁን ጨብጦታል፤ የቀረው ግማሽ መንገድ ላይ ነው። ቀኝ እጁ የራሱ አልመስለው ብሏል፤ ሰው በጨበጠው ቁጥር በውሰት ያመጡት ጓንት ይመስለዋል። ታላቅ ወንድሙ ኡስታ ሐሰነይን ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው። እንባ የሚባል ነገር አልመጣም። የለቅሶው ድንኳን በር ላይ ቆሞ፣ እንግዳው ፋታ ሲሰጠው ጣራው ላይ የተንጠለጠሉትን አምፖሎች ይቆጥራል። አርባ ሦስት ናቸው። አንዱ አይበራም።

ስኳር የሌለው ቡና በትሪ ይዞራል። ቁርኣን የሚቀራው ሰውዬ ትንፋሽ ሊወስድ ጋብ ባለ ቁጥር ሹክሹክታው ከወንበር ወንበር ይዘላል።

«ድንኳኑን አየኸው?»

«ጉድ እኮ ነው! ሐሰነይንን በፋብሪካ ጨርቅ ሥር?»

«ቀስ በል፣ ይሰማሃል።»

ሰምቷል። ድንኳኑ የራሱ የዘይንሁም ነዋ።

በድንኳን ሰፊዎች መንገድ ወንዶች እግራቸውን አጣጥፈው ትራስ ላይ ተቀምጠው፣ ቁራጭ ጨርቅ በቁራጭ ላይ እየደረቡ በእጃቸው ይሰፋሉ። ከእነሱ ሁሉ ሐሰነይንን የሚያህል ኡስታ፣ የእጅ ሙያ ጌታ፣ አልነበረም። አንድ ጊዜ የሰፋት ወፍ ላይ ድመት ዘልሎባት ጨርቁን ቦጫጭቆታል። ይህን በዓይኑ ያላየ በመንገዱ አንድም ሰው የለም፤ ያን ጊዜ ያልተወለዱት ሳይቀሩ አይተዋል። ክንዱ ደግሞ! ከሱቁ ሳይነሳ ከማዶው ሻይ ቤት ብርጭቆውን ይቀበል ነበር።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሁለቱ ወንድማማቾች አንድን ጨርቅ ከሁለት ጫፍ እየሰፉ ኖሩ። ክር የሚቆረጠው በሚሰፋው ሰው ክንድ ልክ ነው፣ ከጣት ጫፍ እስከ ደረት። ዘይንሁም አጭር ስለሆነ ክሩ ቶሎ ያልቃል።

«አንተ ልጅ፣ ከምትሰፋው የምትቆርጠው ይበልጣል!» ይለው ነበር ሐሰነይን፣ ገመድ የሚያህል ክሩን እየሳበ።

ለምሳም ሆነ ለሶላት የሚነሳ ሰው መርፌውን ከነክሩ ጨርቁ ላይ አቁሞ ይሄዳል። የቆመ መርፌ ካለ እዚያ ቦታ ማንም አይቀመጥም፤ ባለቤቱ ይመለሳላ።

ከሦስት ዓመት በፊት ዘይንሁም ያንኑ የእጅ ጥለት በማሽን የታተመበት ጥቅል ጨርቅ ተሸክሞ ሱቁ ገባ። ሐሰነይን ጥቅሉን አየ፣ ወንድሙን አየ። ከዚያ የዘይንሁምን መርፌ ከጨርቁ ነቀለና ዘረጋለት።

«መርፌህን ያዝ» አለው።

ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልተነጋገሩም። ዘይንሁም ሦስት በር ወረድ ብሎ የራሱን ሱቅ ከፈተ። የታተመው ጨርቅ እንደ ጎርፍ ተሸጠ። ዛሬ የሐሰነይን ለቅሶ የተቀመጠው በዚያው ጨርቅ ሥር ነው።

ያን ሰሞን በመንገዱ ጫፍ አዲስ ሆቴል ተሠራ። የሆቴሉ ሰዎች ሐሰነይን ዘንድ መጥተው፣ «ለመግቢያው ግድግዳ ሰፈሩን ራሱን ስፋልን» አሉት። አሥራ አራት ወር ፈጀ። ሲመረቅ የመንገዱ ሰው በሙሉ ራሱን ፍለጋ ሄደ። ያልሄደ ዘይንሁም ብቻ ነው። ወንድሙ ከመንገዱ ቆርጦ አውጥቶት ከሆነስ? ካልሄደ አያውቅም፤ ካላወቀ ደግሞ ወንድም አለው።

አሁን ግን ወንድሙ የለም። የሻይ ቤቱ ባለቤት ሐጅ መትወሊ አጠገቡ ቆሞ ወሬውን ያንዶቀዱቀዋል።

«የእኔ ሆድ ብቻ ሁለት ሜትር ቀይ ጨርቅ ጨርሷል። ከጣልያን ድረስ መጥተው ፎቶ ያነሱታል፣ ወላሂ!»

«ሐጅ፣ እኔ አለሁበት?»

ሐጅ መትወሊ ባዶውን ሲኒ አንስቶ ጠጣ።

«ሱቃችሁ አለ።»

«እኔን ነው የጠየቅኩዎት።»

«ሐሰነይን ተቀምጦ ይሰፋል። ፊት ለፊቱ... ትራስ አለ።»

«ባዶ?»

«ባዶ።»

ዘይንሁም የሽንኩርት ዋጋ እንደ ነገሩት ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። አምፖሎቹን እንደገና ከአንድ ጀመረ።

በሦስተኛው ቀን፣ እንግዳው ገና ሳይበዛ፣ አንዲት ወጣት ሴት የድንኳኑ በር ላይ ቆመች። ዳሊያ ትባላለች፤ የሐሰነይንን ሥራ ሆቴሉ ውስጥ ያሰቀለችው እሷ ናት። የክብሪት ቀፎ ይዛለች።

«ይህን ለማን እንደምሰጥ አላወቅኩም። ስንሰቅል ጨርቁ ላይ ተረስቶ ያገኘነው ነው። እንግዳ እንዳይወጋ ብለን ነቀልነው። ኡስታ ለምርቃቱ መጥተው ሲያጡት ፊታቸው ተለዋወጠ። ‹ቦታው መልሺው› አሉኝ። እሺ ብዬ ዛሬ ነገ ስል...»

ዘይንሁም ቀፎውን ከፈተ። መርፌ ነው፣ ሰማያዊ ክር ያለው።

«የት ነበር የተሰካው?»

«ባዶው ትራስ ፊት፣ የሚሰፋው ጨርቅ ጫፍ ላይ።»

የክሩን ጫፍ በጣቱ ይዞ መርፌውን ወደ ደረቱ ሳበ። ክሩ ልክ ደረቱ ላይ አለቀ። እንደገና ለካ። ልክ ነው። በሐሰነይን ክንድ ቢለካ ኖሮ ክርኑን እንኳ በወጉ ባላለፈ።

ሀዘንተኛ የድንኳኑን በር ትቶ ሲሄድ በዚያ መንገድ ታይቶ አይታወቅም። ዘይንሁም ሄደ።

«የት ነው? ሰው እየመጣ!» አለ ሐጅ መትወሊ።

«ይቁሙልኝ።»

ሐጅ መትወሊም ሆዱን አስቀድሞ በሩን ሞላው።

የሆቴሉ ግድግዳ አራት ድንኳን ይወጣዋል። ዘይንሁም ሌላውን አላየም። ወንድሙን አየ፤ ረጅሙ ክንዱ እንደ ተዘረጋ፣ ዓይኑ ጨርቁ ላይ። ፊት ለፊቱ ቢጫ ትራስ አለ። ትራሱ መሐሉ ላይ ጎድጉዷል፤ ሰው ገና አሁን የተነሳበት ዓይነት። ሐሰነይን ጉድጓዱን ሳይቀር ሰፍቶታል።

ዳሊያ ወንበር አመጣችለት። ወጣበት። መርፌው የነበረበትን ቀዳዳ በአውራ ጣቱ ፈልጎ አገኘው። በሦስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እጁ የራሱ እጅ መሰለው። አንዲት ስፌት ሰፋ፣ ሳበ፣ ከዚያ መርፌውን ከነክሩ ጨርቁ ላይ አቆመውና ወረደ።

«አይቋጩትም እንዴ?» አለች ዳሊያ።

«እመለሳለሁ» አላት። ዘወር ብሎ አንድ ጊዜ ትራሱን አየና እጅ ለመጨበጥ ወደ ድንኳኑ ሄደ።