ከከረሜላው ሥር

የብረት መፈተሻው ጮኸ። ሽማግሌው ቀበቷቸውን ፈትተው ዳግመኛ ቢያልፉም ጮኸ፤ ከኋላ የተሰለፈው ሕዝብ ማጉረምረም ጀመረ።

"ጉልበታቸው ነው" አለ ልጃቸው ዴል ለፈታሿ። "አምና ብረት ገብቶላቸዋል።"

"ጉልበት እንዲህ አይጮኽም ወንድሜ" አለች ፈታሿ። ደረቷ ላይ ኦዴት የሚል ስም ለጥፋለች። "አባቴ፣ ያቺን የወገብ ቦርሳ አንዴ ይፍቱልኝ።"

ሽማግሌው ሃርላን ሰግስ ምንም የሚደብቁት እንደሌለ ሰው ቦርሳዋን ፈትተው አቀበሏት። መሐረብ ወጣ፣ የመነጽር መወልወያ ጨርቅ ወጣ፣ አንድ እፍኝ ሚንት ከረሜላ ወጣ። ከከረሜላው ሥር ሽጉጥ ነበር።

ኦዴት አልደነገጠችም፤ እጇን ብቻ ሰብሰብ አደረገች። ፍሎሪዳ ውስጥ የመዝናኛ ቦታ በር ላይ የሚውል ሰው ሽጉጥ ብርቁ አይደለም። ከሕፃን ዳይፐር ቦርሳ ይወጣል፣ ከካልሲ ይወጣል፣ ባለቤቱም ሁልጊዜ "ውይ፣ ረስቼው!" ይላል። አብዛኛው ይዋሻል።

ዴል ግን ሽጉጡን አይደለም ያየው። የአባቱን ፊት ነው። ትናንት ከጆርጂያ ሲነሱ "አባባ፣ ሽጉጡን ትተውታል አይደል?" ብሏቸው "ዓይኔን ግንባር ያድርገው!" ብለው ምለውለት ነበር። አሁን እኚያው ሰው አፋቸውን ከፍተው ሽጉጡን የማያውቁት ሰው ዕቃ ይመስል ያዩታል። ጣታቸውን ወደ እሱ ዘርግተው መልሰው ሰበሰቡት።

"ማነው ይሄን እዚህ የከተተው?" አሉ።

ምነው ዋሽተው በሆነ! ውሸታም አባት ይቻላል። ተቆጥተኸው፣ አኩርፈኸው፣ ማታ እራት ላይ ትታረቀዋለህ።

"ወንጀል አልሠሩም" አለች ኦዴት ረጋ ብላ። "በሕጉ ከሆነ ደብቀው ይዘውት ቢዞሩ የሚጠይቅዎት የለም። ግቢው ግን የግል ነው፤ ባለቤቶቹ መሣሪያ አይግባብን ብለዋል። ወይ ያስቀምጡታል፣ ወይ አይገቡም።"

ያን ጊዜ ሽማግሌው ነቁ። መቆጣት አልጠፋባቸውም፤ ከሁሉም ነገር በኋላ የሚጠፋው እሱ ነው መሰለኝ።

"በገዛ አገሬ ማነው ትጥቅህን ፍታ የሚለኝ? ሱቃችን ከተዘረፈ ጀምሮ ከወገቤ ወርዶ አያውቅም! እዚያ ውስጥ አንዱ እብድ ተኩስ ቢከፍት ማን ሊያድነኝ ነው? አንቺ በላስቲክ ጓንትሽ?"

"አባባ፣ እርስዎ እስኪዘምቱ እኛ ፀሐይ ላይ ቀለጥን እኮ!" አለ ከሰልፉ አንዱ ጎረምሳ። ሰው ሳቀ።

ዴል የአባቱን ክንድ ያዘ። "አባባ፣ በእርሻዎ አጥር ላይ ምን ብለው ነው የጻፉት?"

አጥራቸው ላይ በቀይ ቀለም "ሳይፈቀድ አይገባም" ተብሎ የተጻፈውን ያገሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ጠመንጃ ይዞ የገባን አዳኝ ሁሉ በዚያ ጽሑፍ አባረዋል፣ የገዛ ቤተ ክርስቲያናቸውን ፓስተር ሳይቀር።

"የሰው ግቢ የሰው ነው" አሉ በመጨረሻ። "እሱስ ልክ ነው።"

ነገሩ እዚህ ላይ ባበቃ ጥሩ ነበር። የዴል ሚስት ሮንዳ ግን ከመፈተሻው ወዲያ ማዶ የልጇን እጅ ይዛ ቆማ፣ ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ የተበተነውን ከረሜላ ያያል። ሮንዳ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምትሠራው። አማቷ እነሱ ጋ ከገቡ ጊዜ ጀምሮ "ያንን ሽጉጥ ውሰድባቸው" ስትል፣ ዴል "ቆይ፣ ቀስ ብዬ" ሲል ከርመዋል።

"ሜይሊ" አለች ወደ ልጇ ጎንበስ ብላ። "መንገድ ላይ ስትበዪው የነበረውን ከረሜላ ከየት ነው ያመጣሽው?"

"ከአያዬ ቦርሳ።"

"አያዬ ሰጥቶሽ?"

"ተኝቶ ነበር። ራሴ ነኝ ያወጣሁት። ከባዱን ነገር ገፋ አድርጌ።"

ሮንዳ አልጮኸችም። ዴል እንድትጮኽ ፈልጎ ነበር። ልጇን ዞር ብላ ጭምቅ አድርጋ አቀፈች፤ ከዚያ ባሏን በሸሚዙ እጅጌ ጎትታ ጆሮው ሥር ተናገረች።

"ስማኝ። ወይ ያ ነገር ከቤታችን ይወጣል፣ ወይ እኔና ልጄ እንወጣለን። ዛሬ።"

"መኪናው ውስጥ እቆልፍበታለሁ።"

"የመኪናውን ቁልፍ ደብቀህባቸው አላገኙትም? ጓዳ ደበቅክ፣ አገኙት። ጣራ ሥር ደበቅክ፣ አገኙት። ስምህን ነው እንጂ የሚረሱት ዕቃ አይረሱም!"

"አባቴ ናቸው ሮንዳ።"

"ይቺስ ምንህ ናት?"

ዴል በየሳምንቱ የጋዝ ቦቴ እየነዳ፣ ትርፍ ሰዓት እየገባ ያጠራቀማት ገንዘብ ለዚህች ቀን ነበረች። መንገድ ላይ የተቀቀለ ኦቾሎኒ እየበሉ፣ ሽማግሌው የድሮ ዘፈን እየዘፈኑ ሲመጡ ሁሉም ነገር ደህና መስሎት ነበር። ለካስ ሜይሊ ኋላ ወንበር ላይ ከሞት ጎን ከረሜላ ስታወጣ ነበር።

በር ላይ የሚውለው ፖሊስ ሽጉጡን ይዞ ዴልንና አባቱን እስከ መኪናቸው ሸኛቸው። ከሽማግሌው ቁጣ ይልቅ የዴል ፊት ሳያስደነግጠው አልቀረም፤ ራቅ ብሎ ነው የተከተላቸው። መኪና ማቆሚያው ማለቂያ የለውም፤ አስፋልቱ ከሥር ይጋገራል። ከአጥሩ ውስጥ ሮለር ኮስተሩ ሽቅብ ወጥቶ ቁልቁል ሲወረወር የሰው ጩኸት እዚያ ድረስ ይሰማል።

"እነዚህ ከፍለው ነው የሚጮኹት" አሉ ሃርላን። "እኔ ቤት ቢመጡ በነፃ አስጮኻቸው ነበር።"

ዴል ሳቀ። ሳቁ መጨረሻው ላይ ወደ ሌላ ነገር ሊለወጥበት ሲል ቶሎ አቆመው።

የመኪናውን በር ከፍቶ ሽማግሌውን እግራቸውን ወደ ውጭ አድርጎ ወንበሩ ላይ አስቀመጣቸው። ፖሊሱ ሽጉጡን አቀበለውና "ባዶ መሆኑን አረጋግጥ" አለው። ዴል ካዝናውን አወጣ። አፈሙዙን ወደ መሬት አድርጎ ላይኛውን ብረት ሲስበው አንዲት ጥይት ከውስጥ ተፈናጥራ አባቱ እግር ሥር ወደቀች።

ሽጉጡ ጎርሶ ነበር። ሜይሊ ከባዱን ነገር ገፋ ስታደርግ ጎርሶ ነበር።

"ይሄ አይሆንም" አሉ ሃርላን ጥይቷን እያዩ። "ልጅ ባለበት ቤት ሽጉጥ አይጎርስም። እንዲህ ብዬ አይደለም ያሳደግሁህ?"

"እንዲህ ብለው ነው አባባ።"

"ታዲያ ማነው ያጎረሰው?"

ዴል መሬት መሬት አየ።

"አንተ፣ እየጠየቅሁህ ነው። ማነው ያጎረሰው?"

"እርስዎ ነዎት።"

ሽማግሌው ልጃቸውን ትኩር ብለው አዩት። ሊቆጡ ነው ብሎ ጠበቀ። አልተቆጡም፤ ፈሩ። ዴል አባቱን ፈርተው አይቷቸው አያውቅም፣ እናቱ የሞተች ቀን እንኳ።

"መኪናዬን ወሰዳችሁ፣ ዝም አልኩ" አሉ ሃርላን ቀስ ብለው። "ምድጃ አትንካ አላችሁኝ፣ ዝም አልኩ። ይሄንንም ከወሰድክብኝ ምኔ ቀረ? ከረሜላ አዳይ ልሁን?"

"ሜይሊ እጇን ከትታበት ነበር አባባ።"

"የት?"

"ቦርሳው ውስጥ። ከረሜላ ልታወጣ። እርስዎ ተኝተው ነበር።"

ሃርላን ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። እጃቸው ትልልቅ ነው፤ ዕድሜ ልኩን ሽቦ ሲወጥር፣ መረብ ሲጎትት የኖረ እጅ።

"ውሰደው" አሉ። "አሁኑኑ ውሰደው ዴል። ሳልረሳ።"

ዴል ሽጉጡን ለፖሊሱ ሰጠው።

"ማታ ስትወጡ ከኔ ትቀበላላችሁ" አለ ፖሊሱ።

"አንቀበልም። ጣቢያ ወስዳችሁ አቅልጡት።"

"እርግጠኛ ነህ? ጥሩ ዕቃ ነው፣ ቢሸጥ እንኳ…"

"አልሸጠውም።"

ፖሊሱ ወደ ሽማግሌው ዞረ። የሳቸው ነውና ከሳቸው መስማት ፈለገ። ሃርላን ተነሥተው ቆሙ፣ ቆባቸውን አስተካከሉ። "ልጄ እንዳለው ይሁን" አሉ። ጨዋ ናቸው፤ በዚያች ደቂቃ ሁሉም ነገር ገብቷቸዋል፣ ሰውም ነበሩ፣ አባትም ነበሩ። ዴል ሊያቅፋቸው ፈለገና አፈረ። አለማቀፉ በኋላ ቆጨው።

ወደ በሩ የምትመልሰው ባለጎማ ባቡር መጣችና ተሳፈሩ። ገና ጥቂት እንደሄዱ ሽማግሌው ወገባቸውን ዳበሱ። መልሰው ዳበሱ።

"ዴል! ሽጉጤ!"

"ሰጥተነዋል አባባ። ፖሊሱ ወሰደው። ውሰደው ያሉኝ እርስዎ ነዎት።"

"እኔ? አብደሃል? ለምን ብዬ?"

ዴል እውነቱን ከሥር ጀምሮ ነገራቸው፤ ሰው እውነት ከተነገረው ይረጋጋል ብሎ። ቦርሳውን ነገራቸው፣ ሽጉጡ የጎረሳትን ጥይት ነገራቸው፣ ሜይሊን ነገራቸው። ሃርላን ገና አሁን እንደሰማ ሰው ሰሙት። ለሳቸው ገና አሁን ነበር።

"ጌታ ሆይ! ልጅቷስ? ተመታች?"

"አልተመታችም። ደህና ናት አባባ፣ ደህና ናት።"

"እኔ ነኝ? እኔ ነኝ ያጎረስኩት?"

ድምፅ አውጥተው አለቀሱ። ፊት ለፊት የተቀመጡ ባልና ሚስት አንገታቸውን ወደ ውጭ አዞሩ፤ ልጃቸው ግን አፉን ከፍቶ ያያል። ዴል የአባቱን ጀርባ እየዳበሰ "አይዞዎት፣ አይዞዎት" ይላል፤ ማን እሱን አይዞህ እንደሚለው አያውቅም። ሊገድላቸው ቢፈልግ እንኳ ከዚህ የባሰ ነገር አይናገርም ነበር። ነገም ይጠይቃሉ። ከነገ ወዲያም ይጠይቃሉ። በጠየቁ ቁጥር ያቺ ልጅ እንደ አዲስ እጇን ልትከት፣ እሳቸው እንደ አዲስ ሊሰበሩ ነው። መድኃኒት የሌለው ነገር ነው። ሐኪሙም "ለቤተሰብ ይከብዳል" ብሏቸው ነበር፤ እንዲህ መሆኑን ግን አልነገራቸውም።

ከባቡሯ ወረዱ። በሩ ላይ ሮንዳና ሜይሊ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል፤ ልጅቷ አያቷን አይታ እጇን አውለበለበች። ሃርላንም አውለበለቡላት። ጉንጫቸው ላይ ያለው እንባ ገና አልደረቀም፣ ለምን እንዳለቀሱ ግን ጠፍቷቸዋል፤ ፊታቸው ፈካ ብሏል።

ከዚያ እጃቸው ወደ ወገባቸው ሄደ።

"ዴል" አሉ፤ መንገዱ መሀል ቀጥ ብለው ቆሙ። "ሽጉጤ የለም። ወድቆብኛል! ይሄ ሁሉ ሕዝብ፣ ልጅቷን ይዘን፣ ያለ ምንም…"

ዴል አፉን ከፈተ። የአባቱን ዓይን አየ። እኚህን ሰው መዋሸት የልጅነት ፍርሃቱ ነበር፤ ያደገበት ቤት ሁሉን ሲምር ውሸትን አይምርም።

"እኔ ጋ ነው አባባ" አለ።

"አንተ ጋ?"

"ዛሬ እኔ ልያዝልዎት ብዬ። እርስዎ ይዝናኑ።"

ሽማግሌው ወገቡን በጥርጣሬ ቃኙት። "የታለ? አይታይም።"

"መታየት የለበትማ።"

ዴል ሱሪው ውስጥ ከትቶት የነበረውን ሸሚዝ ዙሪያውን መዝዞ አወጣውና ባዶ ወገቡ ላይ ለቀቀው፤ እንዲያ አድርጎ ቀኝ ጎኑን በክርኑ ሸፈን አደረገ። ከዛሬ ጀምሮ ሸሚዙን እንዲህ ለቆ ነው የሚሄደው፤ ሥራ ሲሄድም፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድም፣ እራት ላይ ሲቀመጥም፣ አባቱ እስኪሞቱ ድረስ።

"እንዲያ ነው!" አሉ ሃርላን፤ ትከሻቸው ወረደ፣ ትንፋሻቸው ተመለሰ። "ጎበዝ። በል አንተ በውጭ በኩል ሁን። ልጅቷን እኔ እይዛለሁ።"

"እሺ አባባ" አለ ዴል፣ ወደ ውጭ በኩልም ዞረ።