የበርሜሉ መበለት

ዓርብ ንጋት ላይ የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ ጋሽ ቢራቱ ሰው አስከትለው ሲልቨር ስፕሪንግ መጡና፣ ወንድሟ ወንድሜነህ ሐሙስ አዲስ አበባ ማረፉን ለሸዋረገድ አረዷት። ቅዳሜ ደግሞ እሷኑ ይዘው፣ በአራት መኪና ሆነው፣ ላንግሊ ፓርክ፣ የወይንሐረግ የምትባለው ታናሽ እህቷ በር ላይ ደረሱ። ቢያንኳኩ ማን ይክፈት! ጎረቤቷ ብቅ ብላ፣ «የከሰዓት ሾው አለብኝ ብላ ከወንዝ ማዶ አሌክሳንድሪያ አድራለች» አለቻቸው።

«ኮል አድርገን እንጥራታ» አለች ሄኒ፣ የሸዋረገድ ልጅ።

«መርዶ በስልክ?» አሉ ጋሽ ቢራቱ። «ውሻ እንኳ እንዲህ አይረዳም። ንጂ!»

የወይንሐረግ አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንድ ሽማግሌ አራት ዓመት አስታማለች። ዘሩ ከጀርመን ነው፤ ገላውን ስታጥበው በአባቶቹ ቋንቋ እየዘፈነ ያስጠናት ነበር። ሲሞት ጓደኞቹ የቲያትር ቡድናቸው ውስጥ አስገቧት። ቡድኑ የሚጫወትበትን አዳራሽ የሠሩት ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት የመጡ ጀርመን ስደተኞች ናቸው፤ ቀን ሥጋ ሲቆርጡና ቢራ ሲጠምቁ ይውሉና ማታ አስቂኝ ኦፔራ ይጫወቱበት ነበር። አሁን ያንኑ ኦፔራ እንደገና አንሥተውታል።

ሸዋረገድ ይህን የሰማች ቀን፣ «ጌታን ባመሰገንሽበት አፍ ከዘፈንሽ እህቴ እንዳትዪኝ» አለቻት። የወይንሐረግ ከጸሎት ቤቱ መዘምራን ወጣች። ስምንት ወር ተኮራረፉ። መሐል ላይ ሆኖ ለሁለቱም የሚደውለው ወንድሜነህ ብቻ ነበር።

አዳራሹ በር ላይ ጋሽ ቢራቱ ሴቶቹን አቆሟቸው። «ነጠላችሁን መልሱት። አዘቅዝቃችሁ ካየቻችሁ ገና ከሩቁ ታውቃለች።» ሴቶቹ ጥለቱን ወደ ታች አዞሩት። ከዚያ ጋሽ ቢራቱ ወደ ሸዋረገድ ዞሩ። «አንቺ ወስኚ፣ ልጄ። ሳትጀምር ጓዳ ገብተን እንንገራት ወይስ ትጨርስ?»

«ትጨርስ፣ ጋሼ። ስንት ወር የለፋችበት ነው።»

«ጌታ ይባርክሽ። እህት ማለት እንዲህ ነው።»

«ማሚ፣ ኖ!» አለች ሄኒ። «ይሄ በጣም ክፉ ነገር ነው።»

«አንቺ ዝም በይ!»

ልጅቷ የእናቷን ልብ አይታባት ነበር። ትዝፈን፣ ብላ ነበር ሸዋረገድ በውስጧ። የወንድሟ አፈር ሳይደርቅ ስትዘፍን ዋለች ይባል። ከዚያ በኋላ ለዘፈን አፏን ስትከፍት እናያለን።

ትኬት የምትቆርጠዋ አሮጊት ስማቸውን ስትጠይቅ ቆይታ፣ ሸዋረገድ ጋ ስትደርስ ፊቷ በራ። «ሸዋረገድ? የእርስዎ ወንበርማ ሁልጊዜ ተይዞ ነው። እህትዎ በየሾው ታስይዘዋለች።» የፊተኛው ረድፍ መሐል ላይ ስሟ የተጻፈበት ወረቀት ተለጥፎ ነበር።

ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ ሰካራም ጠማቂ ሚስቱን ሊፈትን ሞቻለሁ ብሎ ያስወራና በርሜል ውስጥ ይደበቃል። እሷ ነገሩን ነቅታበታለች፤ እያወቀች ታለቅስለታለች። መበለቷ የወይንሐረግ ናት። ጉንጯን ደም አስመስለው ቀብተዋታል፤ ወገቧ ላይ ትራስ አስረውላታል። ጀርመንኛውን ስታንበለብለው ቆየችና በርሜሉ ፊት ስትደርስ ኦርኬስትራው ዝም አለ። ደረቷን እየደቃች በአማርኛ አወረደችው፦

*በርሜሉም ጎደለ፣ ቤቱም ጨለመብኝ፣*
*ያ ጠጪው ጌታዬ ጥሎኝ ነጎደብኝ።*

ዜማው የአክስታቸው ነበር። አክስታቸው የታወቁ አልቃሽ ነበሩ፤ እናታቸውንም የቀበሩት በዚሁ ዜማ ነው። የወይንሐረግ በየስንኙ ጫፍ የስካር ስቅታ ጨምራበታለች። «ነጎደብኝ፣ ህቅ!» ፈረንጁ በሳቅ ፈረሰ። የሐበሻው ረድፍ ቃሉ ስለገባው አንገቱን ደፋ። ጋሽ ቢራቱ ባርኔጣቸውን ጨብጠው ጫማቸውን ያያሉ።

ያኔ የወይንሐረግ አየቻት። ስምንት ወር ባዶ የከረመው ወንበር ላይ እህቷ ተቀምጣለች። ፊቷ እንደ ሕፃን ፈካ። ወደ መድረኩ ጠርዝ መጣችና ልቅሶውን ለሸዋረገድ ብቻ ደገመችው፤ ፀጉሯን ነጨች፣ በርሜሉን አቅፋ ተንከባለለች፣ ስቅታውን አስረዘመችው። ዓይኗን ግን ከእህቷ አልነቀለችም። ሳቂልኝ ነው የምትለው።

እሷ ካልሳቀች እህቷ ትጠረጥራለች። ሸዋረገድ ሳቀች። አንዴ ከጀመረች በኋላ ማቆም አቃታት፤ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ፣ እንባዋ አገጯ ላይ እየወረደ ሳቀች። ሄኒ ተነሥታ ወጣች።

መጋረጃው እንደወረደ የወይንሐረግ ትራሷን እንዳሰረች ከመድረኩ ዘላ ወረደች።

«እታለም! ሳቅሽ! በዓይኔ በብረቱ አየሁሽ! ወንድሜነህ ‹እሷ መጥታ ካልሳቀች ቪዲዮ አልቀበልሽም› ብሎኝ እኮ ነው። ሁለት ቀን ቴክስቴን አልመለሰም፤ ኔትወርካቸው መሆን አለበት። ዛሬውኑ እልክለታለሁ።»

ሸዋረገድ ስትጓዝ ያዘጋጀችው ቃል ነበራት። ተወችው። ተነሣችና ነጠላዋን አዘቀዘቀች። ከኋላዋ ያሉት ሴቶች አንድ በአንድ አዘቀዘቁ።

የተቀባው አፍ እንደሳቀ ቀረ። «ማን ነው?»

«ወንድማችን።»

«መቼ?»

«ሐሙስ።»

የወይንሐረግ የእህቷ ስም የተጻፈበትን ወረቀት አየች፤ እህቷን አየች። «እያወቅሽ ነው የሳቅሽልኝ?»

ደረቷን መታችና ጮኸች። የወጣላት ያው የአክስቷ ዜማ ነው፤ ሲቃው ጫፉ ላይ ሲይዛት ያው ስቅታ ሆነ። ኮታቸውን ለብሰው ወደ በሩ የሚሄዱት ፈረንጆች ዞሩ። ትርኢት የተጨመረላቸው መሰላቸው፤ አጨበጨቡ። ጋሽ ቢራቱ ሊያስቆሟቸው ሁለት እጃቸውን ቢያነሡ እሳቸውንም ከተዋናዮቹ ቆጠሯቸው፤ ሳቁ ባሰ። በርሜል ውስጥ የነበረው ሰውዬ መጋረጃውን ገልጦ ወጣና እጅ ነሣ።

የወይንሐረግ ጭብጨባውን ሰማች። ስንኙን መሐል ላይ ቆርጣ አፏን ገጠመች።

ለቅሶ ቤት በተቀመጡበት ሦስት ቀን አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣትም። «ምን ዓይነት ጨካኝ ናት!» ተባለ። ሸዋረገድ ያሰበችው ሆነላት፤ እህቷ ወደ አሌክሳንድሪያ አልተመለሰችም። እሑድ እሑድ ጸሎት ቤት ትመጣለች፤ ከሸዋረገድ ጎን ትቆማለች። ጉባኤው በሙሉ ሲዘምር የእሷ ከንፈር አይላቀቅም። ሸዋረገድ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትዘምራለች፤ የዚያችን ዝምታ እንዳትሰማ።