ቁልፉ ማን ጋ ነው?

መኪናው ገና ቁልፉ ሲዞር ተነሳ።

«እንዲያው ምን ልበላችሁ፣ በማግስቱ እኮ የኔን ቧንቧ ሊያይልኝ...» ስትል የነበረችው ጎረቤት አፏን እንደ ከፈተች ቀረች። ሰፈሩ ራዲዮ ነው የሚላት፤ እሷን ዝም ያሰኘ ነገር እስከዚያች ቀን አልታየም። ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሰው ሁሉ ወደ መስኮቱ ዞረ። ባሏን የቀበረችው ልብስ ሰፊ ወደ አፏ ያስጠጋችውን የሻይ ብርጭቆ ሳህኑ ላይ መለሰችው። ያ መኪና ባሏን ካስበላ ወዲህ ድምፁን ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር።

የባሏ ታናሽ ወንድም ሞተሩን አጥፍቶ፣ ቁልፉን እዚያው ሰክቶ እጁን እያራገፈ ገባ።

«ምንም የለበትም እኮ! ገና ስነካው ነው የተነሳው። ነገ ጠዋት እማዬን ለኩላሊት እጥበቷ በሱ ወስጄ እመልሳታለሁ።»

«ሲቀዘቅዝማ ይነሳል» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ሲሞቅ ነው የሚጠፋው። በታክሲ ውሰዳቸው።»

«ባለፈው ታክሲው ቀርቶባት እግሯ እንዴት እንዳበጠ አላየሽም? ኩላሊት እኮ ይሉኝታ አያውቅም፣ እህቴ። ምናልባት የዚያን ቀን ነዳጅ አልቆበት ይሆናል።»

«ነዳጅ ነበረው። ሴንሰሩ ነው።»

ወንድምየው ራሱን ነቀነቀ፤ ሐዘንተኛ የሚለውን ሁሉ ሰው አይሟገትም። ጥግ ላይ የተቀመጡት አማቷ፣ የሟቹ እናት፣ ግን ቀና ብለው አዩዋት። ልጃቸው ከሞተ ጀምሮ ከአፋቸው ቃል አልወጣም።

ሟቹ ቧንቧ ሠራተኛ ነበር። የሰው ቤት ሲጠግን ይውልና የራሱ ቤት ቧንቧ ጠብ ጠብ ሲል ያድራል። «ኧረ አንድ በለው» ስትለው «ቅዳሜ» ይላል። በሩ ሲንቋቋ ቅዳሜ፣ አምፑሉ ሲቃጠል ቅዳሜ። በመጨረሻ ሰፈርተኛው ስሙን ትቶ ቅዳሜ ይለው ጀመር፤ እሱም ሳይቀየም አቤት ይል ነበር። መኪናው ሲሞቅ መጥፋት የጀመረ ጊዜ የሞተሩን ዙር የሚያነብ አዲስ ሴንሰር ገዝቶ ከነካርቶኑ ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ከተተው። «መቼ ልትቀይረው ነው?» አለችው። «ቅዳሜ ነዋ!» ብሎ ሳቀ። እሷም አብራው ሳቀች። አሁን የሚያንገበግባት ያ ሳቅ ነው።

ቅዳሜ ሳይደርስ፣ እናቱን ከሆስፒታል ሊያመጣ ሲሄድ ዳገቱ ላይ ሞተሩ ጠፋበት። ወርዶ ኮፈኑን ሊከፍት ሲል ከኋላ የመጣ የጭነት መኪና ጠርጎት አለፈ። መኪናው ያጣው የጎን መስታወቱን ብቻ ነው። እናትየው እስኪመሽ ሆስፒታሉ በር ላይ ተቀምጠው ዘበኛውን «ልጄ ይዘገያል እንጂ አይቀርም» ሲሉት ነበር።

ነገ ደግሞ ያው መኪና፣ ያው ዳገት። ልብስ ሰፊዋ አማቷ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው፣ ወንድምየው ከኮፈኑ ፊት ቆሞ በዓይነ ሕሊናዋ ታዩዋት። ብርጭቆውን አስቀምጣ ተነሳች።

«ወዴት ነው?» አለች ራዲዮ።

«ሴንሰሩን ልቀይር።»

«በለቅሶ? ያውም በዚህ ጥቁር ልብስሽ?»

«ጥቁር ስለሆነ ነዋ፤ ግሪስ አያሳይም።»

ወንድምየው መንገዱን ዘጋባት። «ሰው ምን ይላል? መካኒክ እናስመጣ።»

«በእሁድ ምድር የትኛው ጋራዥ ተከፍቶልህ? ቅዳሜ እንደሆነ አልፏል» አለችና የባሏን የመሣሪያ ሳጥን አንጠልጥላ ወጣች። ከኋላዋ ሹክሹክታው ጀመረ።

ኮፈኑን ከፈተች። ለሥራው እንግዳ አይደለችም። የባሏ እጅ ወፍራም ስለነበር ጠባብ ቦታ ሲያጋጥመው «ነይማ የኔ መርፌ» ብሎ እሷን ነበር የሚጠራው። በሁሉ ነገር የሚቀልደው ሰው ግን በአንዱ አይቀልድም። ልጅ እያለ በተቀጠረበት ጋራዥ የጓደኛው እጅ ከሞተሩ ጋር የሚሽከረከረው ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ አጠገብ እያለ አንዱ ሳያይ ሞተሩን አስነሳው፤ የተቆረጡትን የጓደኛውን ጣቶች ከመሬት የለቀመው እሱ ነበር። ከዚያ ወዲህ እጁን ከማስገባቱ በፊት ይጣራል። «ቁልፉ ማን ጋ ነው?» «እኔ ጋ።» «አሳዪኝ።» ሹፌር ወንበር ላይ ሆና ቁልፉን ከመሪው በላይ ከፍ ታደርጋለች፤ በኮፈኑ ሥር አጮልቆ «አየሁት» ካላለ እጁን አያስገባም። እጅ የምታስገባው እሷ ስትሆን ደግሞ አሳዪው እሱ ነው። ይህን ሁሉ አማቷ ከመስኮት ሆነው እያዩ ይስቁባቸው ነበር።

አዲሱን ሴንሰር ከዳሽቦርዱ ኪስ አወጣች፤ የባትሪውን ገመድ ፈታች። የሴንሰሩን ሶኬት ነቀለች። ብሎኑ ግን ዝጎ እምቢ አለ። ቢሰበር ሁሉም ነገር እዚያው ላይ ያበቃል። ዘይት ጠብ አድርጋ ጠበቀች፤ ባሏ «ካልተጣደፍሽበት ብሎን ሰው አያሳፍርም» ይል ነበር። እንደገና ሞከረችው። ሲጥ ብሎ ተፈታ። አሮጌውን ሴንሰር አወጣች፣ የአዲሱን ጎማ ቀለበት ዘይት ቀብታ አስገባች፣ አሰረችው፤ ባትሪውንም መለሰች።

ኮፈኑን ልትዘጋ ስትል የሴንሰሩ ሽቦ ወደ ቺንጋው ተንጠልጥሎ አየችው። ሳታስብ እጇን እስከ ክርኗ ከተተች። ሽቦውን ስትወትፍ የመኪናው በር ሲንቋቋ ሰማች።

ቁልፉ እዚያው እንደተሰካ ነው። ባትሪው ታስሯል። አንድ ሰው ሹፌር ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ መኪናው ዘመም ሲል ተሰማት። ወንድምየው ይሆናል። ገና ሲነካው ነው የሚነሳው። እጇን ልትስብ ብትል እጅጌዋ አንድ ነገር ይዞት እምቢ አላት።

«ቁልፉ... ቁልፉ ማን ጋ ነው?»

እጅጌዋን እንደገና ጎተተች።

«ቁልፉ ማን ጋ ነው?!» ብላ ጮኸች።

«እኔ ጋ ነው፣ ልጄ።»

የአማቷ ድምፅ ነበር፤ ሻክሯል።

«ያሳዩኝ!»

በኮፈኑ ሥር አጮለቀች። የአሮጊት እጅ ቁልፉን ከመሪው በላይ ከፍ አድርጎ ይዞታል። ልብስ ሰፊዋ ለቅሶው ሲጀመር ያልወጣላት እንባ ያን ጊዜ ወረደ። «አየሁት» አለች። እጅጌዋን አላቃ፣ ሽቦውን ወትፋ ወጣች።

ኮፈኑን እንደ ተከፈተ ትታ ሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ አማቷን ደግፋ ወደ ጎን አሳለፈቻቸው። ሞተሩ ተነሳ። እሱማ መች አቅቶት ያውቃል። የሙቀት ማሳያው ቀስ እያለ መውጣት ያዘ። እንግዶቹ በር ላይ ተደረደሩ፤ ወንድምየውም መጥቶ ቆመ። ሁልጊዜ የሚጠፋበት ቦታ ሲደርስ መሪውን የያዘው እጇ በላብ ራሰ። የማቀዝቀዣው ፋን ጮኾ ሲነሳ ሁለቱም ደነገጡ።

ሞተሩ አልጠፋም። ቢጠብቁ ቢጠብቁ አልጠፋም።

«ዘገየ እንጂ...» አሉ አማቷ፤ አልጨረሱትም።

ልብስ ሰፊዋ ሞተሩን አጠፋች፣ ቁልፉን ነቀለች። እጇ ለምዶበት ቁልፉን ከመሪው በላይ ከፍ አደረገው። በኮፈኑ ሥር ያጮለቀ አልነበረም። አየሁት የሚል ጠፋ። እሷ ግን እጇን አላወረደችም። ክንዷ እየዛለ ሲመጣ አማቷ እጃቸውን ዘርግተው ከሥር ደገፉላት።