ስም ላይ ያረፈ ማኅተም

…ያውም ሣሩ እንደ ጢሙ ነው፣ ባጨድኩት ቁጥር ይበቅላል፣ ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ዶንግህዎን ሞቶም ሥራ ያበዛብኛል፣ የመከር በዓሉ ቹሶክ በደረሰ ቁጥር ታልሱ ማጭድህን ያዝና ጋራውን ውጣ፣ መቃብሬን ላጭልኝ። እሺ ጌታዬ። እየላጨሁህ ነው። ከአናትህ በላይ የመብራት ማማው ቆሟል፣ ሽቦው ዝዝዝ ይላል፣ ከባሕሩ ዳርቻ የኑክሌር ጣቢያ ተነስቶ ዋና ከተማው ሶል ድረስ፣ እዚያ ያሉት በሊፍት እንዲወጡ። የፊተኛው መንግሥት ኑክሌር ይዘጋል አለ፣ የኋለኛው ይከፈታል አለ፣ ሁለቱም ሽቦውን በኛ ጋራ ላይ አሳለፉት። ይሄን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም፣ እኔ ከአራተኛ ክፍል አቋርጬ ደርሼበታለሁ።

ጋሼ ግን መጽሐፍ ማገላበጥ ነበረበት። በመጽሐፉ ውስጥ ንጉሡ ይጠጣል፣ አማካሪው ተው እያለ ግንባሩን ከወለሉ ያላጋል፣ ደሙ ይፈሳል፣ ንጉሡ ጽዋውን ድገመኝ ይላል። ማማውን ለመቃወም ከመንደሩ አሮጊቶች ጋር ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብሎ ይሄንኑ ነው የሚተርክላቸው፣ እነሱ ያለቅሳሉ፣ እኔ ከደጅ ሆኜ፣ ጋሼ፣ አማካሪው ቆብ ቢያደርግ ምን ነበረበት? ሁሉም ሳቁ። እሱ ብቻ አልሳቀም። ስልሳ ዓመት ሙሉ በክርክር አንድ ቀን አላሸነፍኩትም፣ አንድ ቀን።

ከዚያ ታመመ። ሆስፒታል ገባ። በፊርማ ፈንታ የሚያትምባትን የስም ማኅተሙን ሰጠኝ፣ ታልሱ፣ ከኅብረት ሥራው ማዳበሪያዬን አውጣልኝ። ማዳበሪያውን አወጣሁ። በማግስቱ የመብራት ሰዎች ወረቀት ይዘው መጡ፣ ይሄ የዘር መቃብር ጋራ በዘሩ ታላቅ ስም ነው፣ እሱ ካተመ አለቀ። ማኅተሙ ኪሴ ውስጥ ነው። እፍ አልኩበት፣ ወረቀታቸው ላይ ጠቅ። ቀለል ያለች ነገር ናት፣ አጥንት ላይ የተቀረጸች፣ ጣት የማታህል። አሸነፍኩት አልኩ። ለቀልድ ነው እንዳልል ማንም አልሳቀም።

ከሆስፒታል ሲመለስ የማማው መሠረት ተቆፍሯል። አሮጊቶቹ በፊቱ ምራቃቸውን ተፉ፣ ሸጥከን፣ ያ ሁሉ ተረት ለዚህ ነው? አላተምኩም ይላል፣ ማኅተሙስ የማን ነው ይሉታል፣ የኔ ነው ይላል። ወደኔ ዞር ብሎ አየኝ። እኔ ምን አልኩት፣ ጋሼ፣ እስቲ አሁን ግንባርህን ከወለሉ አላጋው አልኩት። እንደዚያ ነው ያልኩት። ክረምቱን አልዘለቀም።

ሴት ልጁ መጣች። ጌሱክ፣ ከተማ የድሮውን የቻይና ፊደል የምታስተምረው፣ የሩዝ ጠላና ደረቅ ዓሣ አንጠልጥላ፣ ቁና ቁና እየተነፈሰች። አንቺ፣ ወፈርሽ ልበል? ወፍሬያለሁ አጎቴ። ባልሽ ደህና ያበላሻል። እኔ ነኝ የማበላው። ምላሷ የአባቷ ነው። ጠላውን ቀዳች፣ ሦስት ጊዜ ጉብታው ላይ አፈሰሰች፣ ሰገድን፣ ጉልበቴ ጮኸ። ከዚያ እንዲሁ፣ ስለ አየሩ ጠባይ እንደምታወራ፣ ወረዳ ሄጄ ወረቀቱን አየሁት አለች።

የቱን ወረቀት?

የማማውን። ማኅተሙ የአባቴ ስም ላይ ነው ያረፈው።

ሰው ሁሉ እንደዚያ አይደል እንዴ የሚያትመው፣ ከስሙ ጫፍ ትንሽ ነካ አድርጎ።

አባቴ አያደርግም። ስም የአባት አደራ ነው፣ ቀለም አይፈስበትም ይል ነበር። አንድም ቀን ስሙን ነክቶ አያውቅም፣ ሁልጊዜ ፈንጠር አድርጎ ነው።

እኔ ይሄን አላውቅም። ስልሳ ዓመት አብሬው ኖሬ አላውቅም። አፌ ግን መቼ ያርፋል፣ ስሚ፣ አባትሽ ራሱ ነው ያተመው፣ በሽተኛ ነበር፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ መጽሐፍ ያበዛ ሰው ደሞ ፈሪ ነው። መቃብሩ ላይ ቆሜ። አልተቆጣችም፣ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ከጉያዋ የታጠፈ ወረቀት አወጣች፣ አሁን ታላቁ እርስዎ ነዎት፣ ጸሎቱን ያንብቡለት።

የድሮ ፊደል። ከላይ እስከ ታች እንደ ጉንዳን ሰልፍ። በየዓመቱ የሚያነበው እሱ ነበር፣ እኔ ከኋላ ሆኜ እንደ ፍየል ሜ እያልኩ ስቀልድበት። በቃሌ የማውቀውን ጀመርኩ፣ በዚህ ዓመት፣ በዚህ ወር፣ ድምፄን እንደሱ ጎትቼ፣ ጥሩ ነኝ እኮ።

እሱ አይደለም የተጻፈው አጎቴ።

ምንድነው?

የአባቴ ቃል ነው። አላተምኩም፣ ማኅተሜን ለወንድሜ የሰጠሁት ለማዳበሪያ ነበር ይላል። ስወርድ ለአሮጊቶቹ አነብላቸዋለሁ። ያትሙበት፣ ማኅተሙን ይዘውታል አይደል?

ይዤዋለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ኪሴ ውስጥ ነው፣ ከሳንቲምና ከሲጋራ ጋር፣ ለምን እንዳልጣልኩት እንጃ። ቀልድ ፈለግሁ፣ አንዲት፣ ትንሽ፣ ምንም የለም። ሽቦው ዝዝዝ ይላል። እሷ ቀይ ቀለሙን ከፈተችልኝ። ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁት፣ እፍ አልኩበት፣ የስሙ የመጨረሻ ፊደል የቱ ጋ ነው? እዚህ ጋ፣ ጣቷን አኖረች። ፈቀቅ አደረግሁ። ጠቅ።

አልነካሁትም ጋሼ። ከስሙ ጎን ቦታው ሰፊ ነው፣ ለካ ያኔም ሰፊ ነበር።