መምህር እንግዳሸትና ያልሞተው አበጋዝ

አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ በሰው ልጅ ላይ ከሚደርሱት ኀዘኖች ሁሉ ባለቤቱን ብቻውን የሚያስቀረው በልብ ወለድ የመጣው ኀዘን ነው፤ የእውነቱንስ ሞት ዘመድ ይጋራዋል፣ ጎረቤትም ድንኳን ጥሎ ያጽናናበታል፤ ባልነበረ ሰው ሞት ያዘነ ግን «ምን ሆንህ?» ላለው ሁሉ የሚመልሰው ያሳፍረዋልና አፉን ይዞ ይቀመጣል። ይህ መከራ ተላላውን ብቻ የሚያገኝ መስሎን ነበር፤ ሊቁንም አገኘው።

መምህር እንግዳሸት አርባ ዘመን ወንበር ተክለው መጻሕፍትን ሲተረጉሙ የኖሩ፣ ቃል ከቃል የተጣላ በመሰለ ጊዜ «አንድም» እያሉ ሲያስታርቁ ያረጁ፣ ትዕግሥታቸው የተመሰገነ፣ ቍጣቸው የተፈራ ሊቅ ነበሩ። አንዲት ልጃቸው ማዕዶት ስድስት ዓመት ደክማ፣ በመጪው ዘመን በከዋክብት መካከል ስለሚደረግ ጦርነት የሚያትት አሥራ ሁለት ቅጽ የባዕድ ልብ ወለድ ወደ አማርኛ መለሰች። አሳታሚው ግን የቋንቋ ሊቅ ከባዕዱ መጽሐፍ ጋር አስተያይቶ በፊርማው ካልመሰከረለት አላትምም አለ፤ ምስክርነቱም እስከ ፋሲካ ካልደረሰ ሥራውን ለሌላ ተርጓሚ ሊሰጥ ቆረጠ። ልጅቱም ሌላ የምታምነው ሊቅ ስላልነበራት የአባቷን ጉልበት ይዛ ለመነች፤ እርሳቸውም እያጉረመረሙ ተቀበሏት።

መምህሩ የመጀመሪያውን ቅጽ በንቀት ገለጡት፤ ብረት ለብሰው በየሰማዩ የሚተላለቁ ሰዎችን ታሪክ ማንበብ ለሽበታቸው አይመጥንም ነበርና። በሦስተኛው ቅጽ ግን ምሳቸውን መርሳት ጀመሩ፤ በአራተኛውም ኦርሳክ የተባለው አበጋዝ ሕፃናትና አረጋውያን እስኪያመልጡ የከተማዪቱን በር ብቻውን ይዞ ሲወድቅ፣ እኒያ የተፈሩ ሊቅ መነጽራቸውን አውልቀው ተንሰቀሰቁ፤ ዓይናቸው መቅላቱን ያየ ጎረቤት ቢጠይቃቸውም ጉንፋን ነው አሉት። በዘጠነኛው ቅጽ ያው ኦርሳክ አንዲት ጠባሳ እንኳ ሳይኖርበት ሠራዊቱን አሰልፎ ብቅ አለ። መምህሩ ወደ አራተኛው ተመለሱ፣ መሞቱንም ደግመው አረጋገጡ፤ ከዚያ እንደ ልማዳቸው ሊያስታርቁ ተቀምጠው በኅዳጉ ላይ «አንድም ሞቱ ምሳሌ ነው፤ አንድም ይህ የስሙ ወራሽ ነው» እያሉ ሁለት ሳምንት ጻፉ። አንዱም ሐተታ አልያዘላቸውም፤ ንዴታቸውም ዕለት ዕለት በረታ።

በመጨረሻ ልጃቸውን አስጠርተው ምስጢሩን ቢጠይቋት፣ መጻሕፍቱ በጠረጴዛ ላይ ከሚደረግ የጦርነት ጨዋታ የተወለዱ መሆናቸውን ገለጠችላቸው፤ ተጫዋቾች ጥቃቅን የወታደር ምስሎችን አሰልፈው፣ ባለ ስድስት ገጽ ጠጠር እየወረወሩ ይዋጋሉ፤ ደራስያኑም ብዙዎች ናቸው፤ የኦርሳክ ምስል ስለተወደደ የጨዋታው ባለቤቶች ሊያጡት አልፈቀዱም፣ የዘጠነኛው ቅጽ ደራሲም ምክንያት ሳይሰጥ ከሞት አስነሣው። መምህሩ ይህን በሰሙ ጊዜ ፊታቸው ጠቆረ።

«ሰው ለጨዋታ ይሞታልን? ለጨዋታስ ይነሣልን?» አሉ። «ይህን ሰው ከዘጠነኛው ቅጽ ካላወጣሽልኝ አልፈርምም።»

«አባቴ፣ እኔ ተርጓሚ ነኝ» አለች ማዕዶት። «ከመጽሐፍ ቃል የቀነሰ ተርጓሚ ሌባ ነው ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ስድስት ዓመቴ ይቅር እንጂ አልቀንስም።»

መምህሩ ልጃቸው በገዛ ትምህርታቸው እንደ ረታቻቸው አወቁ፤ በዚህ ኮሩ፣ በዚሁም ይበልጥ ተናደዱ። ከዚያ ብዕራቸውን አንሥተው፣ ወረቀቱን ሊቀድዱት እስኪደርሱ እየተጫኑ፣ እንዲህ ብለው ጽፈው ፈረሙ፦ «ትርጓሜው እውነተኛ ነው፤ ቃል አልጨመረም፣ ቃል አልቀነሰም። እኔ እንግዳሸት ግን ኦርሳክ በአራተኛው ቅጽ እንደ ሞተ እመሰክራለሁ።» አሳታሚውም ቃሉን ሳይነካ በመጽሐፉ መግቢያ ላይ አተመው፤ መምህሩ የታተመው በመጣላቸው ጊዜ የመጀመሪያዎቹን አራት ቅጾች በመደርደሪያቸው አኑረው የቀሩትን ስምንቱን ለልጃቸው መለሱላት። ከልቡ ላለቀሰ ሰው፣ የሞተው ተነሣ ብሎ ማብሠር ዕንባውን ሐሰት ነበር ብሎ መስደብ ነው።