የማዕዘኑ እግር

ጎማው የተነፈሰው የካርዲጋንን ከተማ አልፈው ወደ ባሕሩ የሚወርደውን መንገድ ሊይዙ ሲሉ ነው። ኤምሪስ አልደነገጠም። ከኋላ የሚጎተተውን ባለጎማ የመኝታ ቤት፣ ካራቫኑን፣ እያባበለ፣ መሪውን ጠበቅ አድርጎ ይዞ፣ ከመንገዱ ዳር ካለ ማቆሚያ አስገባው። አጠገቡ የተቀመጠችው ሚስቱ ግሌኒስ በረጅሙ ተነፈሰች። እጁ ምንም አልረሳም። እሷን ያስጨነቃት ግን እጁ አልነበረም።

በዚህ ዓመት ሁለት ጊዜ ከገበያ ሲመለስ የገዛ ቤቱ መንገድ ጠፍቶበታል። ልጃቸው ሺያን ይህን ስትሰማ፣ «እማዬ፣ አባባ መንዳት ያቁም። ካልነገርሽው እኔ እነግረዋለሁ» ብላ ቁርጧን አሳውቃታለች። ግሌኒስም «ከዚህ ጉዞ በኋላ» ብላ አራዘመችው። ዕድሜውን ሙሉ ካራቫን እየጎተተ ዌልስን ሲዞር የኖረን ሰው «ከእንግዲህ ተሳፋሪ ነህ» ማለት እንዲህ ቀላል ነገር አይደለም። መርዶ እንኳ ሰዓት ተመርጦለት ነው የሚነገረው።

«ወገብህን እያመመህ አትጎንበስ» አለችው ወርደው የካራቫኑን ጎማ ሲያዩ። «እኔ ልሥራው፣ አንተ እዘዘኝ።»

«አንቺ?» ሳቀ ኤምሪስ። «እንግዲህ ዛሬ ባሕሩን ማየታችን ቀረ በይኛ!»

«አፍህን ትተህ እዘዝ።»

እውነቱን ለመናገር ሥራውን አሳምራ ታውቀዋለች። ለዚያ ሰውዬ ቡሎን ስትይዝለት ያረጀች ሴት አታውቅም ማለት ዘበት ነው። የፈለገችው ልትፈትነው ነበር። ተንኮል መሆኑ አልጠፋትም፤ አልወደደችውምም።

«በመጀመሪያ ካራቫኑን ከመኪናው አትፍቺው» አለ ኤምሪስ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ። «መኪናው ነው ወጥሮ የሚይዝልሽ። የሁለቱንም የእጅ ፍሬን ያዢ። በደህናው ጎማ ከፊትም ከኋላም ታኮ አድርጊ።»

«አደረግሁ።»

«ቡሎኖቹን መሬት ላይ እያለ አላዪአቸው። ከተነሳ በኋላ ብትታገያቸው ከክሪኩ ላይ ትጥይዋለሽ። ውስጥ ሰው የለም አይደል?»

«ማን ይኖራል? ሁለታችንም እዚህ ቆመን።»

«ድመት እንኳ ብትሆን ትውረድ!»

ሳቀች። መሬቱ ርሶ ስለነበር ክሪኩ እንዳይሰምጥ ከሥሩ ጣውላ እንድታነጥፍም ሳይጠየቅ ነገራት። ልቧ ቅቤ ጠጣ። ሺያን ካርዲፍ ተቀምጣ ምን ታውቃለች?

«እሺ፣ ክሪኩን የት ላስገባው?»

ኤምሪስ ወደ ካራቫኑ ዞረ። ዐይኑ ከካራቫኑ ጫፍ እስከ ጫፍ ተንከራተተ። ከዚያ የኋላው ማዕዘን ሥር የታጠፈውን ቀጭን የብረት እግር አሳያት።

«ክሪክ ምን ያደርግልሻል? ያንን እግር አውርጂና እሱን አዙሪው። ራሱ ያነሳዋል።»

በአራቱ ማዕዘን ያሉት እግሮች የሚወርዱት ሰው ሲያድርበት ቤቱ እንዳይወዛወዝ ነው እንጂ ሸክም አይችሉም። ይጣመማሉ፣ ወለሉንም ይዘው ይሰበራሉ። ይህን ከኤምሪስ አብልጦ የሚያውቅ አልነበረም። በየካምፑ በማዕዘኑ እግር ሊያነሳ የሚታገል ሰው ካየ ሻዩን ጥሎ ይሮጥና፣ «ወንድሜ፣ እንዳንተ ያለ ሰው ካራቫን ይዞ መውጣት የለበትም!» እያለ ስንቱን አስቀይሟል። ግሌኒስም ኋላ ኋላ እየሄደች ስንቱን ይቅርታ ጠይቃለች።

ቀና ብላ ፊቱ ላይ ቀልድ ፈለገች። አላገኘችም።

«እሺ» አለችና ያልሰማች መስላ ክሪኩን ከጎማው ኋላ፣ ሻንሲው ላይ ከተሠራለት ቦታ ሥር አስገብታ ማዞር ጀመረች። ካራቫኑ ቀስ እያለ ተነሳ። ኤምሪስ እጇን ሲያይ ቆየ።

«ምን ነበር ያልኩሽ?»

«ምንም። ጎማውን አቀብለኝ።»

«ግሌኒስ፣ ምን አልኩሽ?»

ልትዋሽ ትችል ነበር፤ ምላሷ እምቢ አላት። «በእግሩ አንሺው አልከኝ።»

ስኮርታውን ጎማ አንከባሎ አመጣላት። የተነፈሰውን አውልቃ እሱን ገጠመችው፣ ቡሎኖቹን በእጇ አስያዘቻቸው፣ ካራቫኑን አወረደችና አንዱን ከፊት ለፊቱ እያፈራረቀች አጠበቀቻቸው። የመጨረሻውን ስትጨርስ ነው የተናገረው።

«እንደኔ ያለ ሰው ካራቫን ይዞ መውጣት የለበትም።»

ሊስቅ ሞከረ፤ ሳቁ አልመጣም።

«ኤምሪስ፣ አንዲት ነገር ነው የሳትከው።»

«ዛሬ ቆመን ነው የሳትኩት። ነገ እየነዳሁ ብስትስ?»

 ያን ሁሉ ሌሊት እንቅልፍ የነሳትን ቃል እሱ ራሱ ሲያወጣው እፎይ አለች፤ እፎይ በማለቷም አፈረች። ልታቅፈው አሰበች፣ ግን እጇ ቅባት ብቻ ነበር። መሣሪያውን ሰብስባ፣ ታኮዎቹን አንስታ፣ እጇን ጠራርጋ ወደ መኪናው ስትመለስ ኤምሪስን በእሷ ቦታ ተቀምጦ አገኘችው። ቀበቶውን አሥሮ ፊት ለፊቱን ያያል።

ካራቫን እየጎተተች ነድታ አታውቅም። ቢሆንም ዞራ ከመሪው ኋላ ገባች። ኤምሪስ ቁመተ ረጅም ነው፤ እግሯ ፍሬኑ ላይ አልደርስ አለ።

«መታጠፊያ ላይ ሰፋ አድርገሽ ዙሪ» አላት። «ቁልቁለቱን ደግሞ በከባድ ማርሽ ውረጂ።»

«ወንበሩ ራቀኝ።»

«ከሥሩ ማንሻ አለልሽ። ወደፊት ሳቢው።»

«ኋላ አንተ ስትነዳ እንዳያስቸግርህ...»

«ሳቢው፣ የኔ ዓለም» አለ።

ሳበችው።