የካርቶን አባት

ዴልማር ነገ ጠዋት ለክለቡ ቁርጡን መናገር አለበት፦ ወይ እጫወታለሁ፣ ወይ ዘንድሮ ይቅርብኝ። ጉዱን ያመጣው ኮሮና ነው። ስታዲየሙ ተዘግቶ ከርሞ፣ ሐምሌ ላይ ያለ ተመልካች የቤዝቦል ሲዝን ይጀመር ተባለ። ለራሱ አልፈራም፤ የፈራው ለአባቱ ነው። አባቱ ኦርቪል ዕድሜ ልኩን ብረት ማቅለጫ ውስጥ ሠርቶ ሳንባው አልቋል፣ የሚኖረውም ዴልማር ቤት ነው።

"ተጫወት እንጂ!" ይለዋል በየቀኑ። "እኔ ማታ ማታ በቴሌቪዥን ምን ልይ? የምግብ አሠራር?"

ስለዚህ ዴልማር ለራሱ ቃል ገባ፦ የዛሬውን የልምምድ ግጥሚያ የኮሮናውን ደንብ ጠብቄ ከጨረስኩ እጫወታለሁ። ደንቡ እንደሆነ ቀላል ነው። መጨባበጥ የለም፣ መትፋት የለም፣ የሱፍ ፍሬ መቆርጠም የለም፣ እጅን ወደ አፍ ማስጠጋት ደግሞ በፍጹም!

ዴልማር ኳስ ወርዋሪ ነው። ኳሷ እንዳታሟልጨው ከልጅነቱ ጀምሮ ከመወርወሩ በፊት ጣቱን ላስ ያደርጋል። አሁን በምላሱ ፈንታ እርጥብ ጨርቅ ተሰጥቶት ኪሱ ከትቶታል።

ስታዲየሙ ጭር ብሏል። ወንበሮቹ ላይ ሰው የሚያክል የካርቶን ደጋፊ ተደርድሯል፣ ሁሉም የሰው ፎቶ ታትሞበት። ከኳስ ተቀባዩ ጀርባ የኦርቪል ካርቶን ጉብ ብሏል፤ ያሠራው ዴልማር ራሱ ነው።

ወረወረ። አሪፍ። ደገመ፣ ሠለሰ።

"እጅህ!" ብሎ ጮኸ ዳኛው።

"ምን አደረግኩ?"

"ላስከው!"

ኳስ ተቀባዩ ኤሊሴዮ ሳቀ። "አንተ ሽማግሌ፣ ጣትህ ማር ተቀብቷል እንዴ? ድመት እንኳ እንዲህ አትልስም!"

"አንዴ ቢያመልጠኝ ነው ባክህ።"

"አንዴ? ወንድሜ፣ ከገባህ ጀምሮ እየላስክ ነው። ዳኛው አዝኖልህ ነው ዝም ያለው።"

ዴልማር ክው አለ። ኪሱን ዳበሰ። ጨርቁ እንደታጠፈ ነው። ቀና ሲል የካርቶን አባቱ ፈገግ ብሎ ያየዋል። እጁ ሳያውቀው አፉ የሚገባ ሰው፣ ሳያውቀው ምን ይዞ ቤት ይገባ ይሆን?

ቤት ሲደርስ አልገባም። ደጅ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ፣ አባቱ በረንዳው ጥግ ላይ።

"አባዬ፣ እውነት ይሄ ሲዝን ይረባል?"

"ለእኔ ይረባል። ለሳንባዬ አይረባም።" ኦርቪል ጉሮሮውን ጠረገ። "ማቅለጫው ውስጥም ጭምብል ነበረን እኮ። ያፍነናል ብለን አንገታችን ላይ እናንጠለጥለው ነበር።"

"ታዲያ ልቅር?"

"እኔን አትጠይቀኝ፣ እኔማ ተጫወት ነው የምልህ። ደጋፊ ነኛ!"

ጠዋት ዴልማር ደውሎ ዘንድሮ እንደማይጫወት ተናገረ። አሰልጣኙ አልተቆጣም። "ክንድህን አታስንፋት፣ ለከርሞ እፈልጋታለሁ" አለው፣ አለቀ።

የመክፈቻው ቀን አባትና ልጅ ቴሌቪዥን ፊት ተቀመጡ። ኳስ በተወረወረ ቁጥር የኦርቪል ካርቶን ስክሪኑ ላይ ይታያል።

"እየው፣ እየው! እኔ ስታዲየም፣ አንተ ሶፋ ላይ!" ሽማግሌው ተንከተከተ። "ያውም ከፊት ወንበር!"

በዴልማር ቦታ የገባው ወጣት ሊወረውር ተዘጋጀ። ዴልማር ትንፋሹን ዋጠ። ጣቱ በራሱ ጊዜ ተነስቶ ወደ አፉ ሄደ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ደንግጦ ቆመ።

"ላሰው፣ ላሰው" አለ ኦርቪል፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል። "እዚህ ዳኛ የለም።"